ግድግዳ ላይ የሚውል ስም

ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቀና ብለው ሳያዩ፣ ቤትዎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካላንደር የማን እንደሆነ ያስታውሳሉ? የባንክ ነው? የኢንሹራንስ? የቀለም ፋብሪካ? ወይስ ቆርቆሮና ምስማር የገዙበት መደብር? ወዲያው ከመለሱ ያ ወረቀት ሥራውን ሠርቷል፤ ዓመቱን ሙሉ ሳሎንዎ ተቀምጦ የሰጪውን ስም ሲያስጠራ ከርሟል። ካልመለሱ ደግሞ ድርጅቱ ገንዘቡን አውጥቷል፣ እርስዎም ቀን ቆጥረውበታል፣ ስሙ ግን ቤትዎ አልገባም።

አበው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። ነጋዴ ግን ስሙ በሕይወት እያለም እንዲውልለት ይፈልጋል፤ በግድግዳ ላይ፣ በኮፍያ ላይ፣ በጃንጥላ ላይ፣ በሰው አፍ ላይ። የዛሬው ጨዋታችን ለዚህ ሲባል ስለሚሰጥ ስጦታ ነው። ከሱ ጋር አያይዘን ስለ ዲጂታል ካሜራ አመራረጥ እናወጋለን።

ሁለቱን አንድ ላይ ያመጣኋቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በሀዲያና በከምባታ፣ የሆሳዕናን፣ የዱራሜን፣ የሾኔንና የሺንሺቾን ሱቆች ግድግዳ ልብ ብለው ይዩ። የአካባቢው ነጋዴ አሳትሞ ባደለው ካላንደር ላይ በረዶ የለበሰ የባዕድ ተራራ፣ ስሙ የማይታወቅ ሐይቅ ወይም ከኢንተርኔት የወረደ አበባ ማየት የተለመደ ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚባለው ለዚህ ነው። እኔ የምለው አጭር ነው፦ ስም የሚተክል ስጦታ ተቀባዩ ሊያወርደው የማይፈልገው ስጦታ ነው፤ የሀዲያና የከምባታ ሰው የማያወርደው ደግሞ የራሱን አገርና የራሱን ሰው በጥሩ ፎቶ የሚያሳየውን ነው። ስለዚህ የስጦታው ነገር ሄዶ ሄዶ ካሜራ ላይ ይደርሳል።

በስጦታ ስም የመትከሉ ብልሃት የቆየ ነው። በ1900 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ የነበሩት መኪኖች 3 ሺህ እንኳ አይሞሉም ነበር። ጎማ ይሠሩ የነበሩት ወንድማማቾች አንድሬና ኤድዋር ሚሽላን በዚያ ዓመት አንድ ትንሽ የመንገድ መጽሐፍ 35 ሺህ ያህል ቅጂ አሳትመው ለአሽከርካሪዎች በነፃ አደሉ። ውስጡ ካርታ፣ የጎማ አቀያየር፣ ነዳጅና መካኒክ የሚገኝበት፣ የሚታደርበት ቦታ ሁሉ ነበረበት። ሰው መጽሐፉን ይዞ ሩቅ በሄደ ቁጥር ጎማው ያልቃል፤ ጎማው ባለቀ ቁጥር የሚሽላን ስም እጁ ላይ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1920፣ መጽሐፉን በዋጋ መሸጥ ጀመሩ። ምክንያቱ ሲነገር አንድሬ አንድ ጎማ ቤት ገብቶ መጽሐፎቹ የሥራ ጠረጴዛ ማስደገፊያ ሆነው በማየቱ ነው ይባላል። ከታሪኩ ሁለት ነገር ይወሰዳል። ስጦታው ተቀባዩን ወደ ሸቀጥዎ የሚመራ ይሁን፤ ያለ ልክ የታደለ ነገር ደግሞ ክብሩን ያጣል።

የካሜራና የፊልም ሠሪው የኮዳክ ታሪክ ደግሞ ስጦታውንና ካሜራውን ያገናኝልናል። ኩባንያው 50ኛ ዓመቱን በ1930 እ.ኤ.አ. ሲያከብር፣ በዚያ ዓመት 12 ዓመት ለሞላቸው የአሜሪካ ልጆች ግማሽ ሚሊዮን ያህል ካሜራ ከአንድ ጥቅል ፊልም ጋር በነፃ ሰጠ። ካሜራው ቀላል የሣጥን ካሜራ ነበር፤ ጎኑ ላይ የወርቅ ቀለም ያለው የበዓል ማኅተም ተለጥፎበታል። ልጁ ስጦታውን የሚቀበለው ከወላጁ ጋር ሆኖ ኮዳክ ከሚሸጥበት ሱቅ ሄዶ ነው። ወላጅ ሱቁን አወቀው፣ ልጅ ማንሳት ለመደ፣ የመጀመሪያው ፊልም ሲያልቅ ሁለተኛውን ገዛ። ኮዳክ ትርፉን የሚያገኘው ከካሜራው ሳይሆን ከፊልሙ ስለነበር፣ የሰጠው ነገር ሁሉ ዞሮ ወደ ራሱ ተመለሰ።

ወደ አገራችን ስንመጣ አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰን ሳናነሳ አናልፍም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቱሪዝም ድርጅትን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን መጠሪያ አውጥተው፣ የአገሪቱን ሰውና መልክዓ ምድር በፎቶ የያዙ ፖስተሮች አሳትመው ኢትዮጵያን ለዓለም አስተዋወቁ። መጠሪያው በ2008 ዓ.ም. «ምድረ ቀደምት» እስኪተካው ድረስ ግማሽ ክፍለ ዘመን ያህል ዘልቋል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ መጣ። ከኅዳር 1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ሲካሄድ የሮጠው ሁሉ ቲሸርት ይወስዳል። ሩጫው በአንድ ጠዋት ያልቃል፤ ቲሸርቱ ግን በየሰፈሩና በየገጠሩ ዓመታት ይለበሳል፣ የስፖንሰሩም ስም አብሮ ይዞራል። ፖስተሩ የሠራው አገሩን በማሳየቱ ነው፤ ቲሸርቱ የሠራው ሰው የሚኮራበት ነገር በመሆኑ ነው።

እንግዲህ ወደ ሆሳዕና እንውረድ። ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በወራቤ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ከየክፍለ አገሩ ተማሪ አምጥቶላታል፤ የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ከየወረዳው ታካሚና አስታማሚ ያመጣላታል፤ ደቡብ አፍሪካ የሄዱ ልጆቿ የሚልኩት ገንዘብ ቤትና ፎቅ አስቁሞባታል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረትም የክልል መሥሪያ ቤት መጣላት። እንዲህ ባለ ከተማ ተመሳሳይ ሲሚንቶ፣ ተመሳሳይ ብረት፣ ተመሳሳይ ስልክ የሚሸጡ ሱቆች ጎን ለጎን ይቆማሉ። ዕቃው አንድ ሲሆን ገዢው የሚሄደው ስሙን ወደሚያውቀው ነው።

ስጦታ ለመስጠት ከሁሉም የሚሻለው ወቅትም እዚሁ አለ። በሀዲያ ያሆዴ፣ በከምባታ መሳላ የዘመን መለወጫ ነው፤ ሁለቱም መስከረም ላይ ከመስቀል ጋር ይከበራሉ። ሴቶች ቅቤ ሲያጠራቅሙ፣ ወንዶች ለበሬ መግዣ ሲያዋጡ ከርመው፣ አዲስ አበባ ያለውም፣ ሐዋሳ ያለውም፣ ባሕር ማዶ ያለውም ወደ ቤቱ የሚገባበት ሰሞን ነው። ከቡላ፣ ከቅቤ፣ ከአይብና ከወተት የሚሠራው አተካና በየቤቱ ይቀርባል፤ ዘመድ ከቤት ቤት ይዞራል። በዚያ ሳምንት የተሰጠ ካላንደር አንድ ግድግዳ ላይ ብቻ አይቀርም። እንግዳው ያየዋል፣ ይወደዋል፣ «አንድ ለኔ» ይላል፤ ከዚያም አዲስ አበባ ወይም ጆሃንስበርግ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ የሆሳዕና ነጋዴ ካላንደሩን ነሐሴ መጨረሻ ላይ አሳትሞ ይጨርስና ዋናውን ዕደላ ለመስቀል ሳምንት ያድርገው።

አሁን ለማን ምን ይሰጥ የሚለውን እንይ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እስክሪፕቶና ቁልፍ መያዣ ነው፤ ርካሽ ስለሆኑ። ርካሽነቱ ግን ብቻውን አያዋጣም። የሕንፃ መሣሪያ መደብር ያለው ሰው ካላንደሩን ለቤት ባለቤቱ ይስጥ፤ ለግንበኛውና ለአናጢው ግን ሜትር ይስጣቸው። ሜትር ቀኑን ሙሉ ከቀበቶ አይወርድም፤ በቀን ሃምሳ ጊዜ ይመዘዛል፤ ባለቤቱ «ብረት ከየት ልግዛ?» ብሎ የሚጠይቀውም ግንበኛውን ነው። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደህና ወረቀት ያለው ማስታወሻ ደብተር ይበልጣል። ከገጠር ለገበያ ለሚመጣው ደንበኛ፣ ክረምቱ በሚበረታበት በዚህ ደጋ፣ ጃንጥላ ታላቅ ስጦታ ነው። ዝናብ ሲመጣ ይዘረጋል፣ ገበያውን አቋርጦ ይሄዳል፣ ስሙም ከሩቅ ይነበባል። ግን ሁለት ወር ሳይሞላው ሽቦው የሚገነጠል ጃንጥላ ከሆነ ባይሰጥ ይሻላል። የተሰበረ ጃንጥላ የያዘ ሰው በዝናብ መካከል ሆኖ የሚያነበው የሰጪውን ስም ነው።

ዕጣና ስጦታም ይለያያሉ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ «ይቆጥቡ ይሸለሙ» እያለ መኪና ድረስ ሸልሟል፤ ለትልቅ ባንክ ሰውን ወደ ቁጠባ ለመሳብ ያገለግላል። ለአንድ ከተማ ነጋዴ ግን ዕጣ አንዱን አስደስቶ ሌላውን ባዶ እጁን ይሸኛል። ደንበኞችዎ ሦስት መቶ ከሆኑ ለሦስት መቶውም የሚደርስ፣ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ጥራቱ የማያሳፍር ነገር ይምረጡ።

ኅትመቱ ላይ ደግሞ ገንዘብ የሚባክንባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ። ቲሸርት ሲያሳትሙ መጀመሪያ አንድ ናሙና ይቀበሉና ሦስት ጊዜ አጥበው ይዩት፤ ቀለሙ ከተሰነጠቀ ቀሪውን አያሳትሙ። ኮፍያ ላይ ጥልፍ ከስክሪን ፕሪንት ይልቅ ዕድሜ አለው። ሎጎዎን ለማተሚያ ቤት ሲልኩ ከስልክ ስክሪን ላይ የተቀዳ ምስል አይስጡ፤ ሎጎውን የሠራው ልጅ ሲሰፋ የማይደበዝዘውን ዋናውን ፋይል እንዲሰጥዎ ይጠይቁት። ፎቶም በቴሌግራም ሲልኩ በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ይላኩ። በፎቶ መልክ ከተላከ ቴሌግራም ይጨምቀዋል፤ ስልክ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ግድግዳ የሚያህል ወረቀት ላይ ሲወጣ ግን ፊቱ ይደበዝዛል። ሌላው ደግሞ ቀለም ነው። ስልክና ኮምፒውተር ላይ የሚያበራው የእንሰት አረንጓዴ ወረቀት ላይ ሲታተም ይፈዛል። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ብርሃን የሚያወጣው ቀለምና ወረቀት ላይ የሚያርፈው ቀለም አንድ ስላልሆኑ ነው። ሺህ ቅጂ ከማዘዝዎ በፊት አንድ የቀለም ናሙና አሳትመው በቀን ብርሃን ይዩት።

ካሜራው ጋ ደረስን። ይኸው ኮዳክ በዲጂታል ካሜራ ታሪክም ውስጥ አለ። በ1975 እ.ኤ.አ. ስቲቭ ሳሰን የተባለው የኩባንያው ወጣት መሐንዲስ የመጀመሪያውን በእጅ የሚያዝ ዲጂታል ካሜራ ሠራ። ክብደቱ 3.6 ኪሎ ግራም ነበር፣ አንዷን ፎቶ ካሴት ላይ ለመመዝገብ 23 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ምስሉም 10 ሺህ ነጥብ ብቻ ነበረው። ኮዳክ የፊልም ገበያው እንዳይነካበት ሲያመነታ ሌሎች ቀደሙት፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የኪሳራ ጥበቃ እስከመጠየቅ ደረሰ። ዛሬ ነጥቡ በሚሊዮን ይቆጠራል፤ ሜጋፒክስል የሚባለው ይህ ነው።

ካሜራ ሊገዛ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ብሎ ነው። መልሱ ያለው ግን ፎቶው በሚያርፍበት ነገር ላይ ነው። ለኩባያ የሚታተም 20 በ9 ሴንቲ ሜትር ምስል 3 ሜጋፒክስል ይበቃዋል። በእጅ ተይዞ በቅርብ ለሚታይ፣ ለምሳሌ ኤ3 ለሚያህል ብሮሹር፣ 18 ያህል ቢኖር መልካም ነው። 50 በ70 ሴንቲ ሜትር የሆነ የግድግዳ ካላንደር ክንድ ከምታህል ርቀት ስለሚታይ 22 ያህል ካለው ጥርት ብሎ ይወጣል። ትልቅ ባነር ደግሞ ከመንገድ ማዶ ስለሚነበብ ሰው እንደሚያስበው ብዙ አይፈልግም። ስለዚህ 24 ሜጋፒክስል ያለው ካሜራ ለአንድ ከተማ የማስታወቂያ ሥራ ሁሉ ይበቃል። ከዚያ በላይ ለሆነው ቁጥር የሚጨምሩትን ብር ለሌንስ ያውሉት።

«ስልኬ 50 ሜጋፒክስል ነው፤ ካሜራ ለምን እገዛለሁ?» የሚልም አለ። ለፌስቡክ፣ ለቲክቶክና ለቴሌግራም ስልክዎ ይበቃል፤ ለዚህ ብቻ ከሆነ ገንዘብዎን አያውጡ። ልዩነቱ የሚታየው ብርሃን ሲያንስና ፎቶው ሲታተም ነው። ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር በፉል ፍሬም ካሜራ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው፤ አነስ ባሉት ካሜራዎች 22 በ15 ያህል ነው፤ በስልክ ውስጥ ያለው ከነዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። ሴንሰሩ ሲሰፋ ብዙ ብርሃን ይይዛል፤ ምሽት ላይ ወይም ጭስ ባለበት ማድ ቤት ውስጥ የተነሳ ፊት አሸዋ የተበተነበት አይመስልም።

ሌንሱም እንዲሁ ነው። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው 18-55 ሌንስ አቅርቦ ሲያነሳ የብርሃን በሩ እጅግ ቢከፈት ኤፍ 5.6 ነው። ዋጋው መጠነኛ የሆነው 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ግን ከሱ 10 እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። በሆሳዕና የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ኳየር ወይም ሙሽራ ለሚያነሳ ሰው ይህ ልዩነት ሥራውን ያድነዋል። አካሉ መጠነኛ፣ ሌንሱ ጥሩ የሆነ ካሜራ፣ አካሉ ውድ ሌንሱ ተራ ከሆነው ይበልጣል።

ካሜራው ሠርግም የሚቀርጽ ከሆነ አንድ ነገር አጣርተው ይግዙ። ብዙዎቹ የቆዩ ዲኤስኤልአር ካሜራዎች ቪዲዮ 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲሞላ ራሳቸውን ያቆማሉ። ለፎቶ ግሩም የሆነው ካኖን 5ዲ ማርክ 3 እንኳ እንዲሁ ነው። ስብከቱ ወይም ቃል ኪዳኑ መሃል ላይ ቆሞ ማንም ሳያየው ሊቀር ይችላል። ሚሞሪ ካርድ ሁለት የሚይዝ ካሜራ ከተገኘ ይመረጥ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ላይ ቅጂው ይተርፋል፤ ሠርግ ደግሞ ሁለት ጊዜ አይደገስም።

አዲስ መግዛት ለብዙ ወጣት አይቻልም፤ ስለዚህ ያገለገለ እንዴት ይገዛ የሚለውን ረጋ ብለን እንየው። መጀመሪያ ሸተሩ፣ ማለትም ፎቶ ሲነሳ የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ፣ ስንት ጊዜ እንደተነካ ይጠይቁ፤ ቁጥሩ በኮምፒውተር ፕሮግራም ይነበባል። ለካኖን 6ዲ አምራቹ የገመተው ዕድሜ 100 ሺህ ሲሆን፣ ለ5ዲ ማርክ 3 ደግሞ 150 ሺህ ነው። አንድ ሠርግ ላይ 2000 ጊዜ የሚነካ፣ በዓመት 50 ሠርግ የሚሠራ ልጅ በዓመቱ 100 ሺህ ይደርሳል፤ ውጭው አዲስ የመሰለ ካሜራ ውስጡ አርጅቶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ቀጥሎ ሌንሱን ፈተው በስልክ መብራት ከኋላ ወደ ፊት ያብሩበት፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካዩ ፈንገስ ነው፣ ይተዉት። ከዚያ ሌንሱን ወደ ኤፍ 16 አጥብበው ነጭ ግድግዳ ያንሱ፤ ፎቶው ላይ የሚታዩ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ሴንሰሩ ላይ ያለ አቧራ ናቸው። ጥቂት ከሆኑ ይጸዳሉ፤ የማይጠፋ ጭረት ከሆነ ግን ዋጋውን ይቀንሱ ወይም ይሂዱ።

ባትሪውንም ያስቡ። ኤልፒ-ኢ6 የተባለው የካኖን ባትሪ ለ6ዲም፣ ለ5ዲ ማርክ 2 እና 3ም፣ ለ60ዲም፣ ለ70ዲም፣ ለ80ዲም ይሆናል። መብራት ሲጠፋ ከጓደኛ ተውሶ መሥራት የሚቻለው እንዲህ ያለ ብዙ ሰው እጅ ያለ ባትሪ ሲሆን ነው። ከተማው ውስጥ ያሉት ፎቶ ቤቶች የሚይዙት የየትኛው ኩባንያ እንደሆነ ጠይቆ ከነሱ ጋር መሄድ ብልህነት ነው፤ ሌንሱም፣ ቻርጀሩም፣ የጥገናው ምክርም ከቅርብ ይገኛል።

ክረምት ለካሜራ ጠላት ነው። ከሐምሌው ብርድ ውስጥ ይዘውት ወደ ሞቀ ቤት ሲገቡ ወዲያው ከቦርሳው አያውጡት፤ ሌንሱ ላይ እንፋሎት ይቋጥራል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቦርሳው ውስጥ ይቆይ። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ትንንሽ ከረጢቶች አጠራቅመው ቦርሳው ውስጥ ያኑሩ፤ ፈንገስን የሚከለክሉት እነሱ ናቸው።

አሁን አንድ ፎቶ አብረን እናንሳ። አንዲት እናት ነጭ ነጠላ ለብሰው የእንሰት ጓሮ ውስጥ ቆመዋል። እኩለ ቀን ነው። ፀሐዩ ስለከረረ ወደ እንሰቱ ጥላ ቢያስገቧቸው፣ በቅጠሉ ውስጥ የሚያልፈው ብርሃን ፊታቸውን አረንጓዴ ያደርገዋል። ካሜራውም ይታለላል። ጓሮው ጥቁር አረንጓዴ ስለሆነ ብርሃን አነሰ ብሎ ይጨምራል፤ ነጠላው ይነጣና ጥለቱ ይጠፋል። ቀረብ ብለው ነጠላው ፍሬሙን ከሞላው ደግሞ ብርሃን በዛ ብሎ ይቀንሳል፤ ፊታቸው ይጠቁራል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከጥላው ወጥተው ከቤቱ ደጃፍ ሥር፣ ሰማይ በሚያያቸው ግን ፀሐይ በማይመታቸው ቦታ ይቁሙ። ብርሃኑን በመደመርና በመቀነስ ምልክቱ አንድ ደረጃ ያህል ወደላይ ወይም ወደታች እያሉ፣ የነጠላው ጥለት እየታየ የፊታቸው ቀለም ትክክል እስኪሆን ያስተካክሉ። ነጭ ወረቀት ፊታቸው አጠገብ አስይዘው አንድ ፎቶ ካነሱ፣ በኋላ ቀለሙን ለማረም ይረዳዎታል። ከተቻለ ደግሞ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ወይም ከሰዓት በኋላ ከአሥር ሰዓት ወዲህ ይመለሱ፤ ያን ጊዜ ብርሃኑ ራሱ ግማሹን ሥራ ይሠራልዎታል።

ለ12ቱ ወርና ለጳጉሜን የሚሆን ፎቶ ደግሞ ሞልቶ ተርፏል። የአምባሪቾ ተራራ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከምባታን ቁልቁል ያያል፤ 777ቱ ደረጃዎቹ ላይ የሚወጣ ሰው ብቻውን አንድ ወር ይሞላል። የዶዮገና በግ ስሙ አዲስ አበባ ድረስ የታወቀ ነው፤ ግን በስንት ካላንደር ላይ አይተውታል? የሀዲያ የስንዴ ማሳ በኅዳር፣ እንሰት ስትፍቅ ያለች እናት፣ የቅዳሜ ገበያ፣ በአቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም የሀዲያ ሆሳዕና ደጋፊ፣ በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የምርቃት ቀን፣ ያሆዴ የሚጨፍሩ ልጆች። ደቡብ አፍሪካ ያለ ልጅ ይህን ካላንደር ክፍሉ ውስጥ ቢሰቅለው ያሳተመው መደብር ስም ለእሱ የቤቱ ስም ይሆናል፤ ቤት ለመሥራት ብር ሲልክም «ብረቱን ከነሱ ግዙ» የሚለው ከዚህ ተነስቶ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ በአንቀጽ 27 ይከለክላል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ የፎቶ አንሺውን ሥራ ይጠብቃል። ከኢንተርኔት አውርዶ ማሳተምም፣ ገበያ ላይ ያገኙትን ሰው አንስቶ ካላንደር ላይ ማውጣትም ተገቢ አይደለም። ሰውየውን ያስፈቅዱ፣ ፎቶው የት እንደሚወጣ ይንገሩ፤ በሀዲይሳም ሆነ በከምባትኛ በሚገባው ቋንቋ ያስረዱት። ለፎቶ አንሺው ይክፈሉ፤ ስሙንም ከግርጌ ያትሙለት። በየከተማው ካሜራ አንግተው ሠርግ ከሠርግ የሚዞሩ ልጆች አሉ፤ አንድ መደብር በዓመት 13 ጥሩ ፎቶ ቢገዛቸው የልጆቹም ሥራ ያድጋል፣ ከተማውም የራሱን መልክ የሚያውቅ ሰው ያገኛል።

ስለዚህ የሚቀጥለውን ካላንደር የሚያስብ ነጋዴ ሥራውን ጥቅምት ላይ ይጀምር። ያን ጊዜ ሰማዩ ጠርቷል፣ አዝመራው ቆሟል፣ የፎቶ ቤቱ ልጅም ከሠርግ ወቅት በፊት ትንሽ ጊዜ አለው። ዓመቱን በየወሩ አንድ ሁለት እያነሱ ቢሄዱ ሐምሌ ላይ ምርጫው ብቻ ይቀራል። ካላንደሩ ከማተሚያ ቤት ሲወጣ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ቅጂዎች ፎቶው ላይ ላሉት ሰዎች በየቤታቸው ያድርሱላቸው። ለባንክ ሥራ አስኪያጁና ለትልልቁ ደንበኛ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ያችን በእንሰት ጓሮ ያነሷትን እናት ልጅና የልጅ ልጅ፣ ጎረቤትና የቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ «ማን ነው ያሳተመልሽ?» ብሎ ይጠይቃታል፤ እሷም ስምዎን አጥርታ ትናገራለች።